ሽማግሌ መቅደም

በስደት ላስ ቬጋስ ከገባሁ ጀምሮ ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ መንዳት እችላለሁ ብዬ ማሰቤ አይፈረድብኝም። የሆቴሎቹን የጓሮ በር አውቃለሁ። ሰካራም ተሳፋሪ ሳይጣላ ከመኪና የሚወርድበትን ዘዴ አውቃለሁ። የማላውቀው ሥራ ፈትቶ ቤት መቀመጥን ነበር፤ እሱንም በ2020 በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ተማርኩት።

ልጄ ሄንደርሰን ውስጥ ነርስ ናት። ቫይረሱ የመጣ ሰሞን አስቤዛዬን በር ላይ አስቀምጣ በመስኮት ታናግረኝ ነበር። ያኔ ነው ድምጿ የተለወጠው። ያቺ ስንከራከር ጎረቤት የሚሰማት ልጅ፣ በሽተኞቿን በምታባብልበት ለስላሳ ድምፅ «አባዬ፣ ሪላክስ አድርግ፣ እሺ?» ትለኝ ጀመር። ክትባቱ መጥቶ ቤት መግባት ከቻለች በኋላም ያው ነው። በተናገርኩት ሁሉ ትስማማለች፤ ስሳሳት እንኳ ትስማማለች። ሰው ከአንተ ጋር መከራከር ሲተው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም አንድ እግራቸው መቃብር የገባ ሽማግሌዎችን እንደዚያው ነው የማደርጋቸው።

እንግዲህ የውድድር መኪና ያስገዛኝ ይህ ንዴት ነው። «ሞዲፋይድ» ይሉታል። የፊት ጎማዎቹ ያለ መሸፈኛ ራቁታቸውን ናቸው፣ ገላው ቆርቆሮ ነው፣ ሹፌሩ በብረት ቱቦ ቀፎ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል፤ ከዚያ በአፈር ሜዳ ላይ ክብ እየዞሩ መሽቀዳደም ነው። የሚታጠፈው ወደ ግራ ብቻ ነው። ወደ ግራ መታጠፍ ደግሞ ምን ይከብዳል አልኩ። ለካስ አፈሩ ላይ ኋላው ሲንሸራተት መሪውን ወደ ቀኝ መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ሳላውቅ ለልምምድ ወጥቼ መኪናው እንደ እንዝርት ሾረብኝ። ይባስ ብሎ እጄ በየመታጠፊያው ፍሬቻ ይፈልጋል። ፍሬቻ የለውም።

ልጄ ስትሰማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዛ «አባዬ፣ አንድ ሬስ ብቻ ትራይ አድርግ። አንድ ሰው ከኋላህ ካስቀረህ ምንም አልልህም። መጨረሻ ከወጣህ ግን መኪናውን እንሸጠዋለን። ዲል?» አለችኝ። በከረሜላ እንደሚታለል ሕፃን እሺ አልኩ።

ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ በረሃው ውስጥ ነው። አፈሩን በቦቴ ውኃ አርሰውታል። ከጎኔ መኪናቸውን ያቆሙት በዕድሜ ብዙ የሚበልጡኝ ነጭ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ወገባቸውን ይይዛሉ። ጎማ ሊያነሱ ሲሉ ከእጃቸው ነጥቄ ተሸከምኩላቸው። ቅር እንዳላቸው አላስተዋልኩም።

መጀመሪያ የመነሻ ቦታ የሚለይበት ማጣሪያ ነበር። ሌሎቹ ገና በጅምሩ ጥለውኝ ጠፉ፤ ከፊቴ የቀሩት ሽማግሌው ብቻ ናቸው። መታጠፊያው ላይ ተንሸራትተው ወደ ውጭ ሲወጡ የውስጡ መንገድ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። እግሬ ነዳጁን አልረግጥም አለ። ያደግሁት ትልቅ ሰው ሳይገባ በር በማይገባበት፣ ትልቅ ሰው ሳይቆርስ እጅ በማይሰነዘርበት ቤት ነው። «ይለፉ አባቴ» አልኩ ሄልሜቴ ውስጥ። በክብር አጅቤያቸው መጨረሻ ወጣሁ።

ከመኪናቸው ወርደው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ውስጡ ተከፍቶልህ ነበር። ለምን አላለፍክም?»

«እርስዎን አክብሬ ነው» አልኳቸው። ምስጋና እየጠበቅሁ።

«ቤቴ ውስጥ የሚያከብሩኝ ሞልተዋል» አሉኝ። «እዚህ የምመጣው ከእነሱ ለማምለጥ ነው።»

አፈርኩ። ልጄ ላይ ስነጫነጭበት የከረምኩትን ነገር እኔው ራሴ በእሳቸው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ያውም ጎማ ተሸክሜ።

የልጄ ውል የሚጸናው በዋናው ውድድር ነው። እዚያም ሁለታችን ኋላ ቀረን። ዙሩ እያለቀ ሄደ፤ መኪናዬ ተሸጦ ሶፋ ላይ ስቀመጥ ታየኝ። በመጨረሻው ዙር ሽማግሌው እንደገና ተንሸራተቱ። በዚህ ጊዜ ነዳጁን ረገጥኩት። ጎን ለጎን ሆንን፤ ከዚያ አለፍኳቸው። ሰው አለፍኩ!

አንገቴ ግን የራሱ አስተዳደግ አለው። በትልቅ ሰው ፊት ሲታለፍ ጎንበስ ይባላልና፣ ወደ እሳቸው ዞር ብዬ ጎንበስ አልኩ። እግሬም ከአክብሮቱ ጋር ከነዳጁ ላይ ተነሳ። ቀና ስል መታጠፊያው ደርሷል። መኪናው ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ሞተሩ ጠፋ። ፊቴን ወደ መጣሁበት አዙሬ አቧራ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው በአጠገቤ ሲያልፉ ከቀፏቸው ውስጥ ዝቅ ብለው እጅ ነሱኝ።

መኪናውን ጎትተው ሲያመጡልኝ ልጄ ከተመልካቹ መካከል ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ እየሮጠች መጣች። ያንን ለስላሳ ድምፅ ጠበቅሁ።

«አባዬ! አር ዩ ክሬዚ? አልፈኸው ነበር እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ። በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። «ፊኒሽ ማድረግ ብቻ ነው የቀረህ! ማን ነው ሬስ ላይ ሰላም የሚለው?»

«ትልቅ ሰው ናቸው...»

«ሶ ዋት! አንተም ሽማግሌ ነህ!»

ንዴቷ እውነተኛ ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከአንድ ዓመት በላይ ማንም እንዲህ አልተናደደብኝም። ደስ አለኝ። መልሼ ጮህኩባት፤ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የመታጠፊያው ነው አልኳት። ውሸት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ስለ መኪናው መሸጥ ማናችንም አላነሳንም። እስከ ቤት ድረስ ተጨቃጨቅን፤ በአንድ ነገር እንኳ አልተስማማችልኝም።