የዳማው መልስ የዘገየ ዕለት

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «መንታ» ነው የሚሏት። መንታ ሆና ስለተወለደች አይደለም፤ ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ካልሆነ ልቧ ስለማያርፍ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ፣ ሁለት የስልክ ቻርጀር፣ ሁለት የቤት ቁልፍ አይጠፋም። «ባልስ?» ብለው የቀለዱባት አሉ፤ እሱ ብቻ መለዋወጫ የለውም ብላ መልሳለች፣ ያውም ሳትስቅ። እንዲህ ያለች ሴት ሌላ ቦታ ብትቀጠር አስቸጋሪ ትባል ነበር። ኢንተርኔት በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ግን ሰርቨሮቹን የምታቅደው እሷ ናት። የትኛው ማሽን ምን ይሸከም፣ ደንበኛ ሲበዛ የት ይጨመር፣ አንዱ ቢወድቅ ማን ይተካው የሚለው ሁሉ የእሷ ጣጣ ነው።

አባቷ ይህን ሥራ ሥራ ብለው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸው ሥራ ማለት በወረንጦ ተይዞ፣ ወደ ብርሃን ከፍ ተደርጎ የሚታይ ነገር ነው። «ልጅዎ ምን ላይ ነች?» ሲሏቸው «ኮምፒውተር ቤት ነች» ይሉና ወሬ ይለውጣሉ። እሷ ትስቃለች፤ ግን ቅር ይላታል። አባትየው ከዚያ «ኮምፒውተር ቤት» የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳማ። ሌላ ከተማ ከሚኖሩት ከእህታቸው ባል ጋር በኢሜይል ይጫወታሉ። ሁለቱም በየቤታቸው ገበታ ዘርግተው፣ ቆርኪ ደርድረው፣ ጧት ጧት አንዱ ሲልክ ሌላው ሲመልስ አንዱን ጨዋታ ወር ያስኬዱታል።

ድርጅቱ ትንሽ ሳለ ሁሉን ነገር አንድ አሮጌ ሰርቨር ይሸከመው ነበር። ከከተማው ዳር አዲስ የመኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተው ነዋሪው ባንዴ ሊገባ ሲል፣ መንታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይነግዱ የነበሩ፣ ነገር የማያካብዱ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ኢሜይሉ የራሱ ማሽን ይኑረው» አለች። «ሌላ አንድ ደግሞ ቅርንጫፍ ቢሮ ይቀመጥ። ዋናው ቢታመም የቅርንጫፉ ደብዳቤውን ተቀብሎ ያቆያል፤ ሲድን ያስረክበዋል።»

«አንድ ትልቅ ገዝተን ብንገላገልስ?»

«ትልቁም ይወድቃል።»

«አንቺ እኮ ሁለት ካላልሽ እንቅልፍ አይወስድሽም።» ወንበራቸውን ወደኋላ ገፋ አደረጉ። «እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን። ግን የደንበኛ ደብዳቤ አንዲት ከጠፋች ኢሜይሉን ለውጭ ድርጅት ነው የምሰጠው። አንቺም የደንበኛ ስልክ ማንሳት ትገቢያለሽ።»

«አንዲት አትጠፋም» አለች።

ከዚያ ቁጭ ብላ አቀደች። የሰዉን ብዛት ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም አየች። ሰው ጧት ቢሮ እንደገባ ሁሉም እኩል ኢሜይሉን ይከፍታል፤ ከምሳ በኋላ ይቀዘቅዛል። የመጣለትን ደብዳቤ ደግሞ አይጥልም፤ ያለፈበትን የስብሰባ ጥሪ ሳይቀር አቅፎ ይተኛል። ለዚህ ሁሉ ቦታ አበጀች። ደብዳቤው የሚከማችበት ዲስክ ሊሞላ ሲል ማሽኑ ራሱ በኢሜይል እንዲያስጠነቅቃትም አደረገች። ይህን ሲያይ «ቆይ እንጂ» ያላት አንድም ሰው የለም፤ እሷም ራሷን አላለችም።

ነዋሪዎቹ ገቡ። በመጀመሪያው እሑድ ጧት፣ ለማንኛውም ብላ ቢሮ መጣች። ስልክ የሚያነሱት እሑድ አይገቡም፤ ከመስታወቱ ማዶ የሰርቨሮቹ ማራገቢያ ብቻ ያጉረመርማል። የራሷን ኢሜይል ከፈተች። ማስጠንቀቂያ የለም፤ አቤቱታ የለም። እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ብርቱካን መላጥ ጀመረች። ደስ ብሏታል፤ ያን ያህል ደስ ብሏት አያውቅም ቢባል ውሸት አይሆንም።

ስልኳ ጠራ። አባቷ ናቸው።

«አማቼ እጅ ሰጠ» አሉ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ። «የትናንቱ አካሄዴ የዋዛ አልነበረም። ይኸው ዛሬ መልስ የለም።»

«አሟቸው እንዳይሆን፣ አባዬ።»

«ደውዬለት ነበር። ‹ገና ጎህ ሲቀድ ልኬልሃለሁ› ይለኛል። ዓይኑን በጨው አጥቦ!»

ብርቱካኑ እጇ ላይ ቀረ። የአክስቷን ባል ታውቃቸዋለች፤ በዳማ ያሾፋሉ እንጂ አይዋሹም። ለራሷ አንድ መስመር ጽፋ ላከች። አልደረሳትም። ያን ጊዜ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታያት። ዲስኩ ሞልቷል። ማሽኑ እንደታዘዘው አስጠንቅቋታል፤ ግን ማስጠንቀቂያውም ኢሜይል ነውና፣ መግቢያ አጥቶ ከሌላው ጋር በር ላይ ቆሟል። አቤቱታውም እንደዚያው። ሁለት ካልሆነ የማይሆንላት መንታ የማስጠንቀቂያውን መንገድ አንድ ብቻ አድርጋው፣ እሱንም በታማሚው በኩል አሳልፋዋለች። እፍረቱ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«አባዬ፣ መልሼ እደውላለሁ።»

«እጅ መስጠቱን ግን አንቺም ምስክር ነሽ» አሉና ዘጉ።

ምን እንዳጨናነቀው ለማወቅ ደብዳቤዎቹን መክፈት አላስፈለጋትም፤ ክብደታቸውና ርዕሳቸው በቂ ነበር። «ቤታችን»፣ «ሳሎናችን»፣ «ከመስኮታችን ሲታይ»። አዲሶቹ ነዋሪዎች ቤታቸውን ፎቶ እያነሱ ለዘመድ አዝማድ ሲልኩ ነው ያነጉት። ጎረቤት ለጎረቤት እንኳ ያንኑ ሳሎን ተላልኳል። ሁሉን አቅዳ የሰውን ደስታ ረስታለች።

ቀጥሎ እዚያው ሆና በኮምፒውተሯ የቅርንጫፉን ማሽን ከፈተች። ደብዳቤዎቹ እዚያ ከሌሉ የትም የሉም፣ እሷም ከነገ ጀምሮ ስልክ አንሺ ናት። አሉ። ሁሉም በመጡበት ተራ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከመሳቢያዋ መለዋወጫ ዲስክ አውጥታ ዋናው ማሽን ላይ ገጠመች፤ ሁለት እንደነበራት መናገር አያስፈልግም። ማሽኑ ነፍስ ሲዘራ ደብዳቤው ይጎርፍ ጀመር። የቅርንጫፉ ማሽን የተቀበለውንና ያስረከበውን ደጋግማ አመሳከረች፤ አንዲት አልጎደለችም። ለእሷ መጀመሪያ የደረሳት «ዲስኩ ሊሞላ ነው፣ ፈጥነሽ ድረሺ» የሚል ነበር። ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች።

ሰኞ ጧት ሥራ አስኪያጁ ሳይጠይቋት ሁሉንም ዘርዝራ ነገረቻቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ራሱን የሳተው ሰውዬ ራሱ ሐኪም ይጥራ ብለሽ ነዋ!»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የጠፋ አለ?»

«አንድም።»

«እንግዲያው ኢሜይሉ ካንቺ አይወጣም። ማስጠንቀቂያው ግን...»

«በስልክ ይመጣል፤ በሁለት ስልክ።»

ከሥራ ስትወጣ አባቷ ዘንድ ጎራ አለች። ገበታው ላይ አቀርቅረው አገኘቻቸው። የዘገየው ደብዳቤ ደርሶ፣ አማችየው ሦስት ቆርኪ ባንድ ትንፋሽ በልተው ነግሠዋል።

«ያን ሁሉ ደብዳቤ ስታሳልፊ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ይቺን አንዷን መጣል አቃተሽ?»

«አንዲት አትጠፋም ብዬ ቃል ገብቼ ነበር፣ አባዬ።» ከዚያ የሆነውን ሁሉ አጫወተቻቸው፤ መልሱ ባይዘገይ፣ እሳቸውም ባይደውሉ ኖሮ ነገሩ የሚታወቀው ሲረፍድ እንደነበር ጭምር።

አባትየው የተበሉትን ቆርኪዎች አንድ በአንድ ሰበሰቡ።

«እስቲ ለዚያ ሰውዬ ጻፊልኝ» አሉ። «ተሸንፌያለሁ በይ። ደብዳቤህ የዘገየው ማሽኑ ታሞ ነው፤ ልጄ ናት ያዳነችው።» ቆርኪዎቹን መዳፋቸው ላይ እያንቀጫቀጩ ትንሽ አሰቡ። «ሥራዋ ነው ብለሽ ጨምሪበት።»

እንዳሏት ጽፋ ላከችው። ቅጂውን ደግሞ ለራሷ ላከች።