ሻሼ፣ አንድ ሰው!

የደረቀ በርበሬ ሲሸተኝ ከማስነጠሴ በፊት ጆሮዬ ነው የሚቆመው። ባለፈው ወልቂጤ ገበያ መሀል ሸተተኝና የሚጣራ ሰው ያለ መስሎኝ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ምን ላድርግ፣ ከልጅነቴ አብሮኝ የቀረ ነው።

ቤታችን ቡታጅራ ነበር፣ ከመናኸሪያው አጥር ጥግ። ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አባቴ የመስቃንን በርበሬ ሻሸመኔ ወስዶ ይሸጥ ነበር። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ድሮ መንገደኛ እየተቀበለች ታሳድር ከነበረች ሻሼ ከምትባል ሴት ነው ሲሉ ሰምቶ፣ ታላቅ እህቴን ሻሼ አላት። ጉድ እኮ ነው፣ እህቴም ለመኪና ረዳቶቹ ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ ውሃ ስታቀብል ነው ያደገችው። እነሱም ሻሸመኔን አሳጥረው «ሻሼ! ሻሼ! አንድ ሰው!» እያሉ ተሳፋሪ ሲጠሩ፣ ወደ ግቢያችን እያዩ ይስቁ ነበር።

እናቴን ግን ይጨንቃት ነበር። «እኩለ ቀን ላይ ጅንም ሰው በስሙ ይጣራል» ትላታለች። «ቀኑን ሙሉ ሲጠሩሽ ይውላሉ፤ የሱን በምን ትለዪዋለሽ? ለማንም አቤት እንዳትዪ!»

በርበሬ በሚለቀምበት ወራት እህቴን ወባ ጣላት። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ዝንብ እከላከልላታለሁ። የሻሸመኔው መኪና ጠዋት ወጥቷል፤ መናኸሪያው ጭር ብሏል። ግቢው ውስጥ የተሰጣው በርበሬ ፀሐዩ ላይ ይንኮሻኮሻል።

«ሻሼ! አንድ ሰው!»

ወላሂ፣ እኔም ሰምቻለሁ። የረዳቶቹን ድምፅ አንድ በአንድ አውቃለሁ፣ የማናቸውም አልነበረም። ሮጬ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ፤ ውሻ እንኳ የለም። ስመለስ እህቴ ዓይኗን ገልጣ ፈገግ ብላለች።

«አቤት፣ መጣሁ» አለች።

በማግስቱ ቀበርናት። ሐኪሙ ወባ ነው አለ። ይሁን፣ ወባ ነው።

ከዚያ ወዲህ ረዳቶቹ በኛ አጥር በኩል ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሻሸመኔ» ብለው ሙሉውን ይጠራሉ እንጂ ሻሼ የሚል ጠፋ። እናቴ ታገሰች፣ ታገሰች፣ አንድ ጠዋት ውሃ በጆግ ይዛ ወደ ረዳቶቹ ወጣች።

«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ እማማ» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

«እንደ ድሮው ጥሩልኝ» አለቻቸው። «እናንተም ከተዋችሁት ስሟን ማን ይጠራልኛል?»

አንደኛው ረዳት ወደ መኪናው ዞረና «ሻሼ! ሻሼ!» አለ። «አንድ ሰው» የሚለውን ግን ዋጠው።

ያን ሁሉ ዓመት የከለከለችን እናቴ ጆጉን ደረቷ ላይ አቅፋ «አቤት» አለች።