አመድ የጋረደው የጀልባ መስኮት

ዛሬ ጠዋት ለወረታ ገበያ የፎገራን ጎርፍ ስንሻገር፣ የሞተር ጀልባችን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅን ከነደንገል ታንኳቸው ልትገለብጣቸው ለጥቂት ቀረ።

ነጂው ፊት ያለው የፕላስቲክ መስኮት እንደ ጠላ ደፍርሷል።

ክቡር ነጂያችን በየሳምንቱ በአመድና በአሸዋ ይፈትጉታል። እናታቸው ብረት ድስት የሚያጸዱት እንደዚያ ነዋ።

ይባስ ብለው ጥፋቱን በሽማግሌው ላይ ላከኩት።

«አባባ፣ ምነው አይጮኹም?»

«የሞተርህ ጩኸት አነሰህ?»

ዳር እንደደረስን እኔው ተናድጄ መስኮቱን በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ስወለውል ዋልሁ። ጭረቱ ጨርሶ ባይጠፋም ማዶው ታየ።

ሽማግሌው መጥተው በመስኮቱ አጮለቁና፣ «እሰይ፤ እንግዲህ ሲገጨኝ አላየሁም አይልም» አሉ።

እናንተስ ጋ በንጽሕና ስም ስንቱ ዕቃ ታወረ? እስቲ አውጉኝ።