አባቴ ዘብ የቆመለት ቤት

አባቴ ቤት ውስጥ መቀመጥ የማይችል ሰው ነበር። ሻይ እስኪቀዳለት እንኳ አይታገሥም፤ ይነሳል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ የከፈተውን መልሶ ይዘጋል፣ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ "ይሄ እርጥበት ይዞታል" ይላል። ሃምሳ አለቃ ነበር። ከጎጃም ተመድቦ ሐረር መጣ፣ እዚሁ አገባ፣ እኔም የተወለድኩት ለወታደር ቤተሰብ በተሰጠች የካምፕ ቤት ውስጥ ነው። መንግሥት ሲለወጥና ሠራዊቱ ሲበተን ያቺን ቤት ለቀቅን። ልጅ ስለነበርኩ ከዚያ ቀን የማስታውሰው ፍራሻችን ጋሪ ላይ ተጭኖ ሲሄድ፣ እኔ ትራሱ እንዳይወድቅ ከኋላ ከኋላ ስሮጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ኪራይ ነው። ሸዋ በር አካባቢ ኖረናል፤ አዲሱ ከተማ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ኖረናል፤ እናቴ ያረፈችው ጣሪያው ዝናብ በሚያስገባ ቤት ነው። አከራይ አስወጥቶን አያውቅም። የሚያስወጣን አባቴ ነበር። አንዱ ቤት ውኃው ይርቃል፣ የሌላው ጎረቤት ይጮኻል፣ ሌላው ምንም እንከን ባይገኝለትም "አልተመቸኝም" ይባላል። እኔም በበኩሌ ልብሴን ከሻንጣ አውጥቼ ቁም ሣጥን ውስጥ መስቀሉን ከጊዜ በኋላ ተውኩት።

የኮምፒውተር አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዘመን የምንኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ ሐጂያ ግቢ ነበር። ሐጂያ የምንላቸው መካ ደርሰው የተመለሱ የሐረሪ ወይዘሮ ናቸው። ልጆቻቸው ሁሉ ሌላ ቦታ ስለሚኖሩ ጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለእኛ አከራይተው እሳቸው በትልቁ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አባቴ ከእሳቸው ጋር ተግባብቶ ስለነበር እዚያ ቤት ከለመድነው በላይ ቆየን።

ጌሙን ያወቅሁት በተማሪዎቼ በኩል ነው። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ሰው በአንድ የፈጠራ አገር ውስጥ የሚኖርበት የኢንተርኔት ጨዋታ ነው፤ አውሬ ይገድላል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ይነግዳል፣ ይጣላል። ተማሪዎቼ የሚወዱት ውጊያውን ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን በአንዱ ሰፈር ሳልፍ መስኮቱ ውስጥ መብራት የሚታይ ቤት አየሁና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከድሬዳዋ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ ቤት የኢንተርኔት መስመር ያስገባሁት ለትምህርት ዝግጅት ነው ብዬ ነበር። እውነቱ ያ ቤት ነው።

በዚያ ጌም ውስጥ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። ሰፈሮቹ የተወሰኑ ናቸው፣ በየሰፈሩ ያለው ቦታም የተወሰነ ነው፤ የጌሙ ገንዘብ ስላለህ ብቻ አትገዛም። አንድ ባለቤት ከወር በላይ ቤቱን ካልረገጠ ቤቱ ይፈርሳል፣ ባዶው ቦታ ላይ ሰሌዳ ይተከላል። ቦታው ለሌላ ሰው የሚለቀቅበት ሰዓት ግን አይነገርም። ዛሬ ሊሆን ይችላል፤ ከነገ ወዲያም ሊሆን ይችላል። በተለቀቀባት ቅጽበት ሰሌዳውን ቀድሞ የነካ ይወስደዋል። ስለዚህ ቤት የሚፈልግ ሰው ሰሌዳው ፊት ቆሞ ይነካል፤ "ገና ነው" ይለዋል፤ ደግሞ ይነካል። አገሩ ሁሉ ሲዋጋና ሲነግድ እሱ እዚያ ቆሞ ይውላል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወንዝ ዳር ባለ ሰፈር ሰሌዳ ተተክሎ አገኘሁ። ወደ ሥራ መሄጃዬ ደርሷል። አባቴ እንደ ልማዱ ከበሩ እስከ አልጋው ሲመላለስ አየሁትና ማውሱን እንዴት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚነካ አሳየሁት። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ የሚጠበቀው ምን እንደሆነና ቀያሪው መቼ እንደሚመጣ። እኔ ማታ እንደምመለስ ስነግረው ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።

ማታ ስመለስ እንደተወሁት አገኘሁት። ምሳውን ሐጂያ አምጥተውለት በግራ እጁ እየጎረሰ በቀኙ ሲነካ ውሏል። በሕይወቴ አባቴ አንድ ቦታ ይህን ያህል ሰዓት ተቀምጦ አይቼ አላውቅም። እሱ ግን መቀመጡን አልቆጠረውም፤ ቆሜ ዋልኩ ነው ያለኝ። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ስክሪን ሳያነሳ ወደ ጥጉ ጠቆመኝና፣ "ይሄ ሰውዬ ከረፋድ ጀምሮ አጠገቤ ነው። ማነው?" አለኝ።

ጢሙ ደረቱ ላይ የተኛ፣ ቀይ ካባ የደረበ ግዙፍ ሰው ጌሙ ውስጥ ከሚወክለን ከእኛ ሰው ጎን ቆሞ ሰሌዳውን ይነካል። ጻፍኩለት፣ መለሰልኝ። ሰውዬው ከፊሊፒንስ የሆነች ሴት ነበረች። የታመመች እናቷን ቤት ውስጥ እያስታመመች የምትኖር፣ እናቷ እንቅልፍ ሲወስዳት የምትጫወት ሴት። ለአባቴ ስነግረው ጢሙን ደጋግሞ አየው። ከዚያ የጠየቀኝ ስለ ጢሙ አልነበረም። ቀያሪ አላት ወይ ነው ያለኝ። የላትም።

በማግስቱ ሰላምታ መስጫውን ፊደል ከኮምፒውተሩ ቁልፎች መሐል ፈልጎ አገኘው። የእኛ ሰው ተረከዙን አጋጥሞ ወታደራዊ ሰላምታ ሲሰጥ፣ ጢማሙ ሰው ትንሽ ዘግይቶ መልሶ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እንዲያ ሆነ። አባቴ እንግሊዝኛ ስለማይችል የሚላላኩት በእጅ ምልክት ነበር፤ እኔ ስገባ ደግሞ የቀረውን እተረጉማለሁ። እናቷ ዛሬ በልታለች ወይ ብለሽ ጻፊልኝ ይለኛል። በልታለች የሚል መልስ ሲመጣ ራሱን ይነቀንቅና መንካቱን ይቀጥላል።

የተጣላነው ረቡዕ ዕለት ነው። ሴትዮዋ እናቷን አጥባ እስክትመለስ ትንሽ ልነሳ ነው ብላ ጻፈች። አባቴ ማውሱን ለቀቀና እጁን ጭኑ ላይ አኖረ። እስክትመለስ አልነካም ብለሽ ንገሪያት አለኝ።

"አባዬ፣ ውድድር እኮ ነው። አንዳችን ነን የምንወስደው።"

"አብረን ነው የቆምነው" አለኝ። "እሷ ዞር ስትል የምወስደው ቤት ምን ቤት ነው?"

ማውሱን ልቀማው እጄን ዘረጋሁ፤ ግን አልነካሁትም። ሁለታችንም ባዶውን ቦታ እያየን ተቀመጥን። እኔ እግሬን አወዛውዛለሁ፣ እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጢማሙ ሰው ሲንቀሳቀስ አባቴ እጁን መለሰ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልኬ ጠራ። አባቴ በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ ስለማያውቅ አንድ ነገር ደርሶበታል ብዬ ደነገጥኩ። "ተከፍቷል፣ ነይ" ብሎ ዘጋው። ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ ሰጥቼ በባጃጅ እስከ ፈላና በር፣ ከዚያ በእግሬ ጠባቡን መንገድ እየሮጥኩ ገባሁ። አባቴ ከኮምፒውተሩ ርቆ፣ እጁን ወደኋላ አድርጎ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ የቦታው ባለቤት መሆናችን ተጽፏል። ሴትዮዋም አጠገቡ ነበረች፤ አንድ ላይ ሲነኩ የእሱ ቀደመ። "ወሰድኩባት" አለ እንጂ አገኘሁት አላለም።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። አባቴ የማያባራ ነገር ያዘ። ቤቱ ውስጥ ለሌላ ሰው ማዕረግ መስጠት ይቻል ነበር፤ ከበር የማያልፍ እንግዳ አለ፣ ገብቶ የሚቀመጥ ወዳጅ አለ፣ እንደ ባለቤቱ ዕቃ ማስቀመጥና ማንሳት የሚችል ደባል አለ። አባቴ ደባል አድርጊያት አለኝ። ወዳጅ ትሁን ብዬ ተከራከርኩት። ጠዋት ተከራከርኩት፣ ከሥራ ስመለስ ተከራከርኩት፣ መጨረሻ ላይ ሰልችቶኝ አደረግኋት።

ቤቱን የሠራነው ሦስት ሆነን ነው። ሴትዮዋ ተክል ትወዳለች፤ በየጥጉ ቅጠል ትተክላለች። እኔ መጻሕፍት የሚደረደርበት ግድግዳ ፈለግሁ። አባቴ ግን አልጋውንም ሣጥኑንም ጠረጴዛውንም ግድግዳ አስጠግቶ መሐሉን ባዶ ያደርገዋል፤ ነገ ጋሪ የሚመጣ ይመስል። አንድ ቀን ሐጂያ መነጽራቸውን አድርገው አዩልንና እንግዳ የት እንደሚቀመጥ ጠየቁን። እንግዳ ቆሞ ነው የሚያየው አልኳቸው። "አዑዙቢላህ" አሉና ሳቁ፤ በሐረሪ ቤት በየመደቡ የእያንዳንዱ ሰው ቦታ የታወቀ ስለሆነ እንግዳ የሚያቆም ቤት አልገባቸውም። በማግስቱ አባቴ በዙሪያው ወንበር ደርድሮበት አገኘሁት። ከሳምንት በኋላ መልሶ አነሳው።

ብዙም ሳይቆይ ቤቱን ትቶ በሰፈሩ መዞር ጀመረ። ሰሌዳ የተተከለበት ቦታ ሲያገኝ ይጠራኛል። ባሕሩ ዳር ያለው ይሻለናል ይላል፤ ወንዙ ይጮኻል ይላል፤ ድምፁን ቀንሼ እንዳሳየሁት እያወቀ። በውጭም ያው ሆነ። የሐጂያ ግቢ ደረጃው ጉልበቱን እንደጎዳው፣ አዲሱ ከተማ ሜዳ ላይ ቤት ማየት እንዳለብን ያነሳ ጀመር። ሐጂያ በሌላ ሰው በኩል ሰምተው ኖሮ፣ ምን አስቀየምኳችሁ ብለው ጠየቁኝ።

በየቦታው ሁከት የነበረበት ዓመት መጣና ኢንተርኔት ተቋረጠ። መጀመሪያ እንደ መብራት መሄድ ያለ፣ ሲመሽ የሚመለስ ነገር መሰለን። አልተመለሰም። አባቴ ጠዋት ይወጣል፤ ሸዋ በር ያሉትን ኢንተርኔት ቤቶች በር በሩን ያያል፣ ሁሉም ተዘግተዋል፤ ተመልሶ ይመጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ደግሞ ይወጣል። ድሬዳዋ ይሠራል የሚል ወሬ ሰምቶ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። እዚያም ያው ነበር። ሰው ስንቱን እየፈራ እሱ ስለ ጌም ቤት መጨነቁ አናደደኝ፤ ግን እኔም ቀን እየቆጠርኩ ነበር። ከደባሎቹ አንዱ ከረገጠው ቤቱ እንደማይፈርስ እናውቃለን። የማናውቀው ሴትዮዋ መግባት አለመግባቷን ነው።

"እናቷ ብትሞትስ?" አልኩት አንድ ቀን። "ሰልችቷት ብትተወውስ?"

"ልትተወው ትችላለች" አለ። ከዚያ ካፖርቱን አንስቶ ወጣ።

መስመሩ ሲመለስ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ ከኋላዬ ቆሟል። ቤቱ አለ። በሩ ላይ ሰው የገባበት ይመዘገባል፤ ስሟ ብቻ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ውስጡን አባቴ ትቶት እንደሄደው ነው ያገኘነው፣ ሁሉ ነገር ግድግዳ ተጠግቶ። ቅጠሎቿን እንኳ አልጨመረችም። ስትመለሱ የሆነ ነገር ተቀይሮ እንዳታገኙ ብዬ ነው ብላ ጽፋለች። እናቷ በዚያው መሐል አርፋ ነበር።

ያንን ስተረጉምለት አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማጽናኛውን ቃል በቃል እየነገረኝ ጻፍኩላት፤ ጎረቤት ለቅሶ ሲደርስ እንደሚለው አድርጎ፣ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ብቻሽን እንዳትቀመጪ። በማግስቱ ቤቱን በስሟ አዙሪላት አለኝ።

እንቢ አልኩ። የኔ ምኞት ነበር፤ እሱ ገና ማውስ መያዝ ሳይችል እኔ ነበርኩ መስኮቱን ቆሜ ያየሁት። አባቴ አልተጫነኝም። ብቻዬን ገብቼ መሐሉ ላይ ቆምኩ። መጻሕፍቱን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አዛወርኩ፣ አልወደድኩትም፣ መለስኳቸው፣ ወጣሁ። በሩ ላይ ያለውን ስም ዝርዝር ስመለከት እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ከቆየሁባቸው ጊዜያት ይልቅ ገብቼ ወዲያው የወጣሁባቸው ይበዙብኝ ነበር። ቅዳሜ ዕለት አዞርኩላት። እኛ ደባል ሆንን። እሷ አልቀበልም ብላ ትንሽ ተከራከረች፤ አባቴ ሲሰጣት እሷ ምን ልታደርግ።

ሳምንት ሳይሞላ መሐሉ በሙሉ ቅጠል ሆነ። አባቴ ዞሮ አየው፣ ጥሩ ነው አለ፣ ከዚያ ባሕሩ ዳር ሰሌዳ ተተክሎ እንደሆነ እንድናይ ጠየቀኝ።

በቀጣዩ ዓመት ክረምቱ ሲያበቃ አዲሱ ከተማ ደረጃ የሌለው ቤት ተገኘ። ሐጂያ አልተቆጡም፤ በእጃቸው የሰፉትን አነስተኛ ሙዳይ ሰጡኝና "ሃምሳ አለቃ እዚያ ከጎረቤቱ ጋር ከተጣላ ይመለስ፤ ኢንሻአላህ ክፍሉን ለሌላ አላከራየውም" አሉኝ። ዕቃው በጭነት መኪና ቀደመ። እኔ ኮምፒውተሩን ለማንም ስላላመንኩ ስክሪኑን ጭኔ ላይ አቅፌ ባጃጅ ውስጥ ተቀመጥኩ። አባቴ ግን መሳፈሩን አልጠበቀም፤ ገና ሹፌሩ ሳያስነሳ በእግሩ ወደ ሸዋ በር ሄዷል። ስንደርስበት በገበያው ሰው መሐል ፈጥኖ ይራመድ ነበር። ሹፌሩ ቆመለት፤ እሱ ግን እንድናልፍ በእጁ አመለከተን።