አስደግድግ ነኝ ያለው መንፈስ

እፀገነት ወሬውን የሰማችው የኮፒ ማሽኑ ወረቀት ነክሶባት ስትታገል ነው። ሁለት ተማሪዎች ተራ እየጠበቁ ያወራሉ። የይርገዱ ልጅ ምስክር፣ ያቺ የምትወድቀዋ፣ ጸበል ስትጠመቅ ለፈለፈች፤ ያደረባት መንፈስም ስሙን ተናገረ አሉ። አንደኛው ማነኝ እንዳለ ጠየቀ። ሌላው ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አስደግድግ ነኝ አለ" አለው።

የእፀገነት እጅ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

አስደግድግ የሚባል መንፈስ የለም። ይህን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አይገኝም፤ ከልቧ አንቅታ የፈጠረችው እሷ ናትና።

መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ኮፒ ቤት የገባችው ዲፕሎማዋን ይዛ ቢሮ ለቢሮ ተንከራታ ተንከራታ ሲሰለቻት ነው። የሰው ማመልከቻ ትተይባለች። ደንበኛ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ስልኳን ይዛ አስፈሪ ታሪክ ትጽፋለች፤ በብዕር ስም በቴሌግራም ትለቀዋለች። ታሪኩ ገደል ውስጥ ስለሚኖር፣ መንገደኛን በስሙ እየጠራ ስለሚያስቀር መንፈስ ነው። ስሙን የወሰደችው ከአባቷ በቅሎ ነው። አባቷ መሪጌታ ኒቆዲሞስ ለአገልግሎት ገጠር ለገጠር ሲዞሩ አስደግድግ በሚሉት በቅሎ ነበር የሚሄዱት። ልጅ ሆና አንድ ቁልቁለት ላይ አሽቀንጥሮ ጥሏታል፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲጠራ ሮጣ ትደበቅ ነበር። በቅሎው ከሞተ ቆይቷል፤ ከቤተሰቡ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ምስክር ታሪኩን ትወደው ነበር። ስልክ ስለሌላት ጓደኛዋ ትልክላትና እዚያው ኮፒ ቤት ታሳትመዋለች። እፀገነት የራሷን ጽሑፍ እንደማታውቀው ሆና እያተመች፣ እንዲህ ያለ ነገር ስታነቢ አትፈሪም ወይ ብላ ጠይቃት ታውቃለች። ልጅቷ ሳቀችባት። "እትዬ እፁ ደግሞ፤ ካላስፈራ ምኑን አነበብኩት?"

በዚያው ሰሞን አንድ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ይዞር ነበር። እንዲህ ያለውን ታሪክ የጻፈም ያነበበም ሳያውቅ ለሰይጣን ሰግዷል ይላል ተናጋሪው። አንድ ገጽ ያላነበበ ሁሉ ፈራጅ ሆነ። ጉቦ ሲበላ፣ የመበለት መሬት ሲገፋ፣ ልጃገረድ ስትደፈር "የሰይጣን ሥራ ነው" ብሎ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ለፈጠራ ታሪክ ሲሆን ምላሱ ረዘመ።

እፀገነት ወሬውን በሰማች ማግስት ሀያት ኮፒ ቤት ድረስ መጣች። ሀያት የእፀገነት አብሮ አደግ ናት፤ ነርስ ሆና የምስክርን የሚጥል በሽታ የምትከታተለውም እሷ ናት። ፊቷ ልክ አልነበረም። አጥማቂ ነኝ ባዩ ሰውዬ፣ ቄስ እንኳ ያይደለው፣ ስሙን የተናገረ መንፈስ መድኃኒት ሲያይ ይብሳል ብሎ ክኒኑን አስጥሏታል።

"በአንዴ ሲያቋርጡት ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ ወላሂ" አለች። "አንዱን ቀን ወድቃ ሳትነሳ ትቀራለች። እናቷን ለመንኳት፤ ስሙን በጆሮዬ ሰማሁት እኮ አለችኝ። እንዲህ ላለ ሰው ምን ይባላል?"

እፀገነት ምን እንደሚባል ታውቃለች። ግን ወደ ማሽኑ ዞራ ወረቀት ማስተካከል ጀመረች።

ከተናገረች ሰይጣን አምላኪ ትባላለች፤ ሥራዋ ይቀራል፤ አባቷም ደብሩ ውስጥ ቀና ብለው አይሄዱም። ይሄኛው ፍርሃት ቀላሉ ነው። ሌላው ግን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ በጀርባዋ የሚወርድ ነው። እውነት ቢሆንስ? ባዶ ስም ሠርታ ብትተወው፣ የሆነ ነገር መጥቶ ገብቶበት ቢሆንስ? በቅርቡ የለቀቀችውን ክፍል የዘጋችው መንፈሱ "ስም ያወጣልኝን አልረሳም" ሲል ነው። የጻፈችው ዕለት በራሷ ተደስታ ነበር። አሁን መብራት በጠፋ ቁጥር ከኮፒ ቤቱ ሮጣ ትወጣለች፤ መንገድ ላይ ስሟን ሲጠሯት አትዞርም። ታሪኩን ከቴሌግራም አጠፋችው። ከምስክር አፍ ግን ማጥፋት አልቻለችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይርገዱ ራሷ እነ እፀገነት ቤት መጣች። ከጸበሉ በቀጥታ መምጣቷ ነው፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው፣ ዓይኗ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል። የመሪጌታን ጉልበት ስማ፣ ልጄ ስትወድቅ ስትነሳ አደረች አለቻቸው። እርስዎ መጽሐፍ አዋቂ ነዎት፣ ይህ መንፈስ ከየትኛው ወገን እንደሆነና በምን እንደሚለቅ ይንገሩኝ ብላ ለመነች።

መሪጌታ ስሙን ሲሰሙ ጆሯቸውን አላመኑም። "ማን አልሽኝ?"

"አስደግድግ።"

"እኔ የማውቀው አስደግድግ በቅሎዬን ነው" አሉ።

ይርገዱ የተሳለቁባት መሰላት፤ እንባዋ መጣ። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ዞረው ነበር። እፀገነት ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

"እፁ፣ ምንድን ነው ነገሩ?"

ያን ጊዜ ተናገረች። ታሪኩን የጻፈችው እሷ እንደሆነች፣ ስሙን ከበቅሎው እንደወሰደች፣ ለምስክርም አትማ በእጇ እንደሰጠቻት፣ ቃላቱ እየተደነቃቀፉባት ሁሉንም አወጣችው። "እትዬ ይርገዱ፣ ስሙን ያገኘችው ከኔ ነው። ክኒኗን ይስጧት።"

ይርገዱ ተነስታ ወደ በሩ አፈገፈገች። ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። "አንቺ ነሻ የላክሽባት" አለች በቀስታ።

እፀገነትም ራሷን ስትጠይቅ የሰነበተችው ይህንኑ ነው።

"ማንም የላከባት የለም" አሉ መሪጌታ፤ ድምፃቸው ሻከረ። "ይቺ ልጅ እኔ ገድል ሳነብ፣ በውስጡ ሰይጣን ሲያታልልና ሲለፈልፍ እየሰማች ነው ያደገችው። ስለ እሱ የተረከ ሁሉ ለእሱ የሰገደ ከሆነ፣ ቀድሜ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ተደብቃ መጻፏ አናዶኛል፤ እሱ የኔና የእሷ ጉዳይ ነው። አንቺ ግን በበቅሎ ስም ልጅሽን ልትቀብሪ ነው? ጸበሉን ትጠጣ። ክኒኗንም በጸበሉ ትዋጠው። ማነው ሁለቱን ያጣላቸው?"

ይርገዱ ወጥታ ወደ ጸበሉ ተመለሰች።

እፀገነት ሀያትን ጠርታ፣ ክኒኑን አስይዛ ይርገዱን ተከተለች። ወደ ጸበሉ የሚወርደው መንገድ ገደል ለገደል ነው፤ ታሪኳን ስትጽፍ በዓይነ ልቦናዋ ያየችው ይህንኑ ገደል ነበር። መሐል ላይ ከኋላዋ አንድ ድምፅ "እፁ" አላት። ሳትዞር ባለችበት ቆመች። ሀያት ናት፤ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቶባት ነው።

ምስክር ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ጸበሉ አጠገብ ተኝታለች። አጥማቂው ሰውዬ ሊያግዳቸው እጁን ዘረጋ። ይርገዱ ሀያትን አየቻት፤ ልጇን አየች። ከዚያ የሰውዬውን ክንድ ገፋ አድርጋ ክኒኑን ተቀበለች፤ ከጀሪካኑ በኩባያ ጸበል ቀድታ የልጇን ራስ ቀና አደረገች።

እፀገነት ጠጋ ስትል፣ ይርገዱ ቀና ሳትል፣ "አንቺ እዚያው ሁኚ" አለቻት።

እዚያው ቆመች። የልጅቷ ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ዋጠችው። ከዚያ ምስክር ዓይኗን ገልጣ በቀጥታ ወደ እሷ ተመለከተች፤ ከንፈሯ ስም ሊጠራ እንደፈለገ ሁሉ ተንቀሳቀሰ።

"እትዬ እፁ" አለች ልጅቷ በደከመ ድምፅ፤ "ቀጣዩ ክፍል መጣ?"

የይርገዱ እጅ ኩባያው ላይ ደረቀ። እፀገነት ወደ ገደሉ ላለማየት እየታገለች፣ "አልቋል፣ ምስክርዬ" አለቻት።