የደዶ መንገድና ያልደረሰው እግሬ

ረቡዕ ጠዋት ጅማ፣ አወቱ መንደራ ካለው ቤቴ ስነሳ ሁለት ጉዳይ ይዤ ነበር። አንደኛው የቡ ከተማ ሄዶ የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ነው። ሁለተኛው በማግስቱ ደዶ ወጥቶ አንድ ሽማግሌን፣ ሳላስቀይም፣ «ሞተርዎን አልወስድም» ማለት ነው። የመጀመሪያው ተሳክቷል።

ሥራዬ የስፌት መኪና ጥገና ነው። ቁመቴን በተመለከተ፣ ፈጣሪ እኔን ሲቀደኝ ጨርቅ አጥሮት ከሱሪው በኩል ቆጥቧል። የደዶው ሽማግሌ አባ ቦራም ከዚያው ጣቃ የተቀደዱ ናቸው። እንደ አገሩ ወግ በፈረስ ስም ይጠሩ እንጂ፣ እኔ ካወቅኋቸው ጀምሮ የሚጋልቡት ዝቅ ያለች ቀይ ሞተር ነበር። አንድ ቀን ጀርባ ለጀርባ ቆመን ስንለካካ ያዩን ሚስታቸው፣ «ሁለታችሁ ብትደመሩ አንድ ሰው ይወጣችኋል» ብለውናል። ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ሲተዉ፣ «ይህቺ በልክህ የተሠራች ናት። አቅም እስክታገኝ ለማንም አልሸጣትም፣ ወላሂ!» አሉኝ። ቃላቸውን ጠብቀው ዓመት አለፈ። እኔ ግን ገንዘቡ እጄ በገባ ሳምንት እዚያው ጅማ ሌላ ሞተር ገዛሁ።

ለምን ቢባል፣ ረጅም ስለሆነ ነው። ዕድሜ ልኬን የሰው ደረት እያየሁ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ የሰው አናት ማየት አምሮኝ ነው።

ሻጩ እንኳ ሊያስጥለኝ ሞክሮ ነበር። «ጋሼ፣ ያችኛዋን ይሞክሯት። ሁለቱም እግርዎ መሬት ይረግጣል» አለኝ።

«እሷ የሴት ናት» አልኩት።

«ሴት ስትቆም አትወድቅም ማለትህ ነው?» አለች አብራኝ የሄደችው ባለቤቴ ዘነቡ።

አልሰማኋትም። የመቀመጫውን ስፖንጅ አስቆረጥኩ፤ መቀመጫው እንጨት ሆነ። የኋላውን ሞላ ዝቅ አስደረግኩ። ሶሉ የጡብ ያህል የሚወፍር ጫማ ገዛሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ወገቤን ወደ ግራ ካንሸራተትኩ የግራ እግሬ አውራ ጣት መሬትን በሩቁ ሰላም ይላታል። ቀኙ አየር ላይ ይውላል።

ረቡዕ፣ የቡ

የአጋሮን አስፋልት ይዞ መሄድ ምንኛ ደስ ይላል! ሞተሩ ሲሮጥ ቁመት አይጠይቅም። ግራና ቀኝ ቀይ እሸት ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ የተፈለፈለው ገለባ ጎምዛዛ ሽታ አፍንጫ ይሞላል። ከመቀመጫዬ ላይ ሆኜ አጥር ተሻግሬ የሰው ጓሮ አየሁ። ትንሽ አንገቴን ባሰግግ ቀይ ባሕር ይታየኝ ነበር።

ችግሩ መቆም ነው። ረጅም ሰው በፈለገበት ይቆማል። እኔ የምቆመው ድንጋይ፣ ደረጃ ወይም የመንገድ ዳር ጉብታ ባለበት ነው። ስለዚህ ሻይ የጠጣሁት ሻይ ባማረኝ ቦታ ሳይሆን ደረጃ ባለው ሻይ ቤት ነው።

የቡ ስደርስ ደንበኛዬ ልብስ ሰፊው ከሱቁ ወጥቶ ወደ ላይ አየኝ። «ኧረ አቦ ታፈሰ! ገዝተኸው ነው ወይስ ገዝቶህ?»

«አንተ ደግሞ፣ ከታች ሆነህ ስታወራ አይሰማኝም» አልኩት። ሳቅን። መኪናውን ጠገንኩለት፣ ሽሮ ከነአቮካዶው ጋበዘኝ። ስሸኝ ግን የረገጥኩት ቦይ ኖሮ ከነሞተሬ ተጋደምኩ። ከዚያ ከፍታ መሬት እስክደርስ ሁለት ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ልብስ ሰፊው ሊያነሳኝ ሲመጣ በሳቅ አቅም አንሶት እሱም አጠገቤ ቁጭ አለ።

ማታ ጅማ ገብቼ ለአባ ቦራ ደወልኩ። «ነገ እመጣለሁ» አልኳቸው። ለምን እንደምመጣ አልነገርኳቸውም፤ እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይባልም ብዬ ነው።

«ኮቱ፣ ና! ኢንሻአላህ መንገድ ላይ እቀበልሃለሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር። ያኔ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ!

ሐሙስ፣ ወደ ደዶ

ዘነቡ ጠዋት፣ «እምቢ ልትላቸው የምትሄደው በዚሁ ላይ ተቀምጠህ ነው?» አለችኝ። «በሚኒባስ ብትሄድ ምናለ?» እኔ ደግሞ በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ፣ ልነግራቸውም ላሳያቸውም አስቤ ነበር።

ደዶ ዳገት ነው። ከጅማ ሙቀት ወጥተህ ወደ ላይ በሄድክ ቁጥር ብርዱ ጃኬትህ ውስጥ ይገባል፤ ቡናው እየሳሳ እንሰቱና ገብሱ ይበዛል። የገበያ ቀን ስለነበር ነጭ ሽንኩርትና ድንች የጫኑ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። አንዲት ሴትዮ የተቀቀለ ድንች ከነሚጥሚጣው ስትሸጥ አየሁ። አማረኝ፤ ግን አጠገቧ ድንጋይ ስላልነበረ አለፍኳት።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚህ አገር ሽማግሌን ከኮርቻ ላይ ሆኖ ሰላም ማለት ነውር ነው። ድሮ ከፈረስ ይወረድ ነበር፣ ዛሬ ከሞተር ይወረዳል። የቸኮለ ሰው እንኳ ቢያንስ ቆሞ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ «አከም ጅርቱ» ብሎ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ጠይቆ ነው የሚያልፈው። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ያስተማሩኝ አባ ቦራ ራሳቸው ናቸው።

ከተማው ሊገባ ሲል አንድ ቀጥ ያለ አቀበት አለ። እዚያ መሃል፣ መንገዱ ዳር፣ አባ ቦራ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ቆመዋል። አጠገባቸው የደዶዋ ልብስ ሰፊ ሐሊማ አለች። አባ ቦራ እጃቸውን አነሱ። እጃቸው ላይ ትንሽ ነገር ብልጭ አለች።

ፍሬን ልይዝ አልኩ። በስተግራ ቦዩ ጥልቅ ነው፣ በቀኝ ገደል። ድንጋይ የለም፣ ጉብታ የለም። አቀበት ላይ ብቆም ወደ ኋላ ተንሸራትቼ እሳቸው ላይ እንደምወድቅ ታየኝ። አልቆምኩም። ሞተሩን አስጓርቼ፣ ከላይ ወደ ታች፣ «አባ ቦራ ሰላም!» ብዬ ጮኼ አለፍኩ።

እጃቸው ቀስ ብሎ ሲወርድ በመስታወቱ አየሁት።

መቆሚያ ድንጋይ ያገኘሁት ገበያው ጫፍ ነው። ዞሬ ስመለስ ማንም የለም። ቤታቸው ሄጄ ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ወረድኩ። አባ ቦራ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሞተሯ ትቆምበት የነበረው ጥግ ባዶ ነው። የዘይት ነጠብጣብና ተጣጥፎ የተቀመጠ የቡና ጆንያ ብቻ ቀርቷል፤ በጆንያው ነበር ከአቧራ የሚሸፍኗት።

«ይቅር ይበሉኝ አባ ቦራ፣ እግሬ አልደርስ ብሎኝ ነው» አልኳቸው።

«እግርህ እንደማይደርስማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ለዚህ አይደል ዓመት ሙሉ ያስቀመጥኳት!»

«ሞተሯስ?»

«ለሐሊማ ሰጠኋት። ስንት ጊዜ ይሽጡልኝ ብላኝ፣ የታፈሰ ናት እያልኩ ስመልሳት ከርሜያለሁ። ዛሬም ቁልፉን ይዤ ስጠብቅህ፣ እስኪ ልሰናበታት ብላ ነው የመጣችው። አንተ ካለፍክ በኋላ ቁልፉ እጄ ላይ ቀረ። ለእሷ ሰጠሁት።»

«ልነግርዎት ነበር እኮ የመጣሁት።»

«ከላይ ሆነህ?» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «በል፣ ምሳ ብላ፤ ብርድ መትቶሃል» ብለው ማዕድ አስቀረቡልኝ።

መመለሻ

ቁልቁለቱ ላይ ሐሊማን አገኘኋት። ቀዩዋ ሞተር ታጥባ ታበራለች። ሐሊማ ከእኔ አትረዝምም። እኔን ስታይ ዳር ይዛ ቆመች፤ ሁለቱንም እግሯን መሬት ላይ ተከለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ጋሽ ታፈሰ፣ እንዴት ዋሉ? ዘነቡ ደህና ናት?» አለች።

እሷ እንደሚገባው ቆማ ሰላም አለችኝ። እኔ አሁንም ማለፍ ነበረብኝ። «ደህና ነን!» ያልኩት ከኋላዋ ሆኜ ነው፤ መስማቷን አላውቅም።

ጅማ ስገባ ዘነቡ በሩን ከፍታ፣ እንድወርድበት ያስቀመጠችልኝን ድንጋይ በእግሯ አስተካከለች። «እንዴት ተቀበሉህ?» አለችኝ።

«በሩቁ» አልኳት።

ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ አጫጭር ወንድሞቼ፣ ሻጩ ስለ ሩጫው ሲያወራላችሁ ዝም ብላችሁ ስሙት። ከዚያ ውጡበትና አቀበት ላይ፣ ድንጋይ በሌለበት፣ ቁሙ። ለምትወዱት ሰው የማትቆሙበት ከሆነ ይቅርባችሁ።

የእኔው ግቢዬ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ገዢ እየጠበቀ። አሁን ደዶ የምሄደው በሚኒባስ ነው። አቀበቱ ሥር ወርጄ ቀሪውን በእግሬ እወጣለሁ፤ ያገኘሁትንም ሰው ሁሉ ቆሜ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ እጠይቃለሁ። አባ ቦራ ቤታቸው ስደርስ እንደ ድሮው ይቀልዱብኛል፣ ምሳም አይቀርብኝም።

መንገድ ላይ ወጥተው ግን ከዚያ ወዲህ አልጠበቁኝም።