በሕይወት ላለች ልጄ የመጣ መርዶ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልበረደልኝም። ብዙ ሰው "እርሳው፣ ለደግ አስበው ነው" ይለኛል። አልረሳሁም፣ መርሳትም አልፈልግም።

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ሰዓት እጠግናለሁ። ቤቴም እዚያው ከሱቄ ጀርባ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ያለችኝ አንዲት ልጅ ምሕረት ናት። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ስትሠራ ቆይታ፣ ባለቤቶቹ ካሪቢያን ባሕር ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት አዛወሯት። እዚያ ሥራዋ እንግዶችን ማዝናናት ነው። እጅ ለእጅ አያይዛ ፏፏቴ ታስወጣቸዋለች፣ ፈረስ ላይ አስቀምጣ ባሕር ታስገባቸዋለች፣ ወገባቸውን አስራ በሽቦ ገመድ ከጫካው በላይ ትለቃቸዋለች። እሑድ እሑድ ስትደውል ይህን ሁሉ ትተርክልኛለች። እኔ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ማኪያቶዬን ይዤ ለካፌው ሁሉ እተርካለሁ። ያቺን ደሴት ሳያያት ያወቃት የፒያሳ ሰው ብዙ ነው። ጥፋቴ ይህ ከሆነ እቀበላለሁ።

ሰኞ ዕለት ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ግርማ ፌስቡክ ላይ የምሕረትን ፎቶ ያያል። የሥራ ባልደረባዋ ከጀልባ ላይ ሆና ያነሳቻት ነው። ምሕረት ውኃው ላይ በደረቷ ተንሳፍፋለች፣ እጆቿ ተዘርግተዋል፣ ፊቷ ወደ ታች ነው፣ ፀጉሯ ተበትኗል። ከውኃው በታች ያሉትን ዓሣዎች እያየች ነበር። የዋና መነጽሯ አይታይም፤ መተንፈሻ ቱቦውንም ፀጉሯ ሸፍኖታል። ግርማ ያየው ሬሳ ነው። ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ አልገባውም፤ የሚያነብለትም አልፈለገም። እየሮጠ ሄዶ ለዕድራችን ዳኛ ለአቶ በላቸው "የጋሽ ክፍሌን ልጅ ባሕር በላት" አላቸው።

ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። የምሕረት ስልክ ቁጥር ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ነገሩ ይገባኛል ብለው ፈሩ። ስለዚህ አንድም ሰው ሳያጣራ የመርዶው ቀን ተቆረጠ። ወደ ኮንዶሚኒየም የተበተኑት የድሮ ጎረቤቶቻችን እንዲደርሱ ተብሎ ሐሙስ ጠዋት ሆነ።

ማክሰኞንና ረቡዕን አብሬያቸው ዋልኩ። ግርማ ጢሜን ላጨኝ፤ ወትሮ አፉ የማያርፈው ሰውዬ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ካፌ ውስጥ ስለ ምሕረት ሳነሳ ሁሉም አቀረቀሩ፣ አንዱ ጭራሽ ተነስቶ ወጣ። እኔ ወሬዬ የሰለቻቸው መስሎኝ አፈርኩ። ረቡዕ ማታ ግድግዳ የምንጋራው እትዬ አሰገደች "የእኔ ስልክ ተበላሽቶብኝ ነው፣ ያንተን እስቲ አንዴ" ብላ ስልኬን ወሰደችና ሳትመልስ አደረች። ለካ አንድ ሰው ደውሎ ድንገት እንዳያረዳኝ ነው።

ሐሙስ፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አቶ በላቸው ከፊት ቆመዋል፣ ከኋላቸው ግቢ ሙሉ ሰው። የሴቶቹ ነጠላ ጥለቱ ወደ አንገት ዞሯል።

ይህን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። በዕድራችን መርዶ ሲኖር ቃሉን እንዲናገር የሚመረጠው እኔ ነበርኩ።

"እስቲ ቁጭ በል፣ ክፍሌ" አሉኝ አቶ በላቸው።

"አልቀመጥም! ማን ነው? እኔ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት!"

"እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ የእግዜር ሥራ ነው..."

ይህቺ የእኔ ንግግር ነበረች። ስንቱን ሰው በእሷ መሬት ላይ እንደጣልኩ እሱ ይወቀው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ጭጋግ ነው የማስታውሰው። መሬት ላይ ነበርኩ። ሁለት ሰዎች እጆቼን ይዘውኛል። ቤቱ በለቅሶ ተሞልቷል፣ ውጭ ደግሞ የድንኳኑ ብረት ሲጋጭ ይሰማኛል።

በዚህ መሃል ስልክ ጮኸ። ጥሪውን ለየሁት፣ የእኔ ስልክ ነው። የሚጮኸው ከእትዬ አሰገደች ጉያ ውስጥ ነበር። እያለቀሰች አውጥታ ልትዘጋው ስትል ስክሪኑ ላይ የምሕረት ፎቶ በራ። ዘልዬ ነጠቅኋት።

"አባዬ! እዚህ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እስካሁን እኩለ ሌሊት ድረስ ስደውል ለምን አታነሳም? ፎቶዬ ሥር የሰፈር ሰዎች 'ነፍስ ይማር' ብለው ሲጽፉ አንተ የሞትክ መስሎኝ ላብድ ነበር እኮ! ምንድን ነው ጩኸቱ? ማን ሞቶ ነው?"

"አንቺ" አልኳት።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሰማሁ። ለቅሶው ወዲያው እልልታ ሆነ። "እንኳን ደስ ያለህ!" እያሉ እየተጋፉ አቀፉኝ። ግርማ እግሬ ላይ ወደቀ። እኔ የማየው አሰገደችን ብቻ ነው።

"ሌሊቱን ስትደውል ነበር?"

"ስድስት ጊዜ ጮኸ።"

"ፎቶዋን እያየሽ ዘጋሽው?"

"ስልኳን ያገኘ ሰው ሊያረዳህ የደወለ መስሎኝ እኮ ነው፣ ወንድሜ!"

"ውጡልኝ" አልኩ። "ሁላችሁም ውጡ!"

አቶ በላቸው "ለደግ አስበን ነው፣ ክፍሌ። አንተስ ስንቱን እንዲሁ አድርገህ አረድተህ የለም?" አሉኝ።

"እኔ ያረዳሁት የሞተ ሰው ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ሽማግሌ ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ድንኳኑን ነቅለው እያጉረመረሙ ወጡ።

ግርማ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠይቆኛል። በአፌ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ጢሜን ግን የምላጨው ሌላ ቦታ ነው። መርዶ ነጋሪነቱንም ትቻለሁ። ጠዋት በሬ ሲንኳኳ አሁንም "ማን ነው?" ሳልል አልከፍትም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ምሕረት ያን ለቅሶ በጆሮዋ ሰምታዋለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ፏፏቴውም፣ ስለ ፈረሱም፣ ስለ ገመዱም አትነግረኝም። እንዳልደነግጥ ብላ እሷም መደበቅ ጀመረች። እሑድ ስትደውል "ዛሬ ምን ሠራሽ?" እላታለሁ።

"ምንም አባዬ፣ ቤት ነበርኩ" ትለኛለች። ከጀርባዋ የማዕበሉ ድምፅ ይሰማኛል።